ጠቅ

ስልኬን በብረት ሣጥን ለበሩ ዘበኛ ሰጥቼ፣
ቤንዚን ጠጪዋን መኪና፣ ካንዴላዋ ወሬኛ ነውና፣ ትቼ፣
በናፍጣ እዞራለሁ፣ በካሩ ሜዳ፣ ጣሪያዬ ላይ አንቴና፤
የዝምታ ዘበኛ፣ የሹክታ አዳኝ ነኝና።
"ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ዝም አሰኚ" እላለሁ፤
ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሳህኖቹ ከዚያ ማዶ፣ ነጫጭ፣ አፍ የሌላቸው፣
ሰማይን መስማት ብቻ ነው የዕድሜ ልክ ሥራቸው።
የሚመጣው ድምፅ ቀጭን ነው፣ መንገድ ያደከመው፤
ጨረቃ ላይ አንድ ስልክ ቢጮህ ስንቱን ኮከብ ነው የሚደፈጥጠው!
ስለዚህ የወጥ ማሞቂያው በብረት ቀፎ ታስሯል፤
ኮምፒውተሩ ከነማራገቢያው ከምድር በታች ተቀብሯል፤
በሩም ሁለት ነው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈት፣
ለአፍታም ቢሆን፣ በስሕተት።
እኛም፣ የሰው ጉሮሮ ምንም እንደማይጎዳ እያወቅን፣
ምሳችንን በሹክሹክታ እንበላለን፣ ልማድ ሆኖብን።

ባለፈው ሐምሌ ነው (በዚያ አገር ሐምሌ ውርጭ ነው)፣
ከሌሊቱ በዘጠኝ አንድ ነገር መዝገቡን ነካካው፤
ጠቅ።
ጠቅ።
በየሰከንዱ፣ እኩል፣ ሳይደክም፣ ሳይሳሳት።
ሲፎካዚ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የመሰላት
የሞተ ኮከብ ነው፣ ሞቶም እየተሽከረከረ የሚመታ፣
ስንት ሺህ ዓመት ተጉዞ በሯን ያንኳኳ በዚያች ማታ።
ቆጠረች፣ አሰላች። ሳህኑን ወደ ሌላ ሰማይ አዞረች፤ ድምፁ ያው ነው።
"የኛው ነው" አለችኝ ቁጭ ብላ። "ምድር ነው።"

አንቴናዬ እየጎተተ፣ በእሾህ ቁጥቋጦ፣ በደረቀ ወንዝ፣
ወሰደኝ ማግሪታ ያኑዋሪ ደጅ፤ ውሻዋም አልጮኸ፣ ከብርዱ ብዛት ፈዝዞ ፍዝዝ።
ያኑዋሪ፦ ወር ነው ስሙ። ቅድመ አያቷን የገዙት ጌቶች
ስሙን መስማት ሰነፉና
የተሸጠበትን ወር ሰጡት።

ከጓሮዋ የቀበሮ አጥር፤ የሽቦው ስኒ ተሰንጥቆ፣
እሳት ወደ ብረቱ ይዘላል፣ ጠቅ፣ በውርጩ ላይ ደምቆ።
"ፍሎሪስ የተከለው ነው" አለች፣ ብርድ ልብሷን ደርባ፤
"ከሞተ አራት ዓመቱ። ሌሊት ስነቃ እሰማዋለሁ፤ አለ፤ ቀበሮም አልገባ።
ልታስቆመው ነው?"
"አጥሩ ይሠራል፤ የማስቆመው ድምፁን ብቻ ነው።"
"ድምፁን ብቻ" አለች።
ባትሪውንም ያዘችልኝ። እጇ አልተንቀጠቀጠ።

"እነዚያ ሳህኖችህ፣ በል ንገረኝ፣ ምን ሰሙ?"
"ሃይድሮጅን የሚባል አለ፤ ከዋክብት ሳይበሩ የነበረ።"
"ምን ይላል?"
"አንድ ነገር። ከጥንት እስካሁን ያንኑ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።"
"እንግዲያው ፍሎሪስን ነዋ!"
ሳቀች። ሳቋ በብርዱ እንፋሎት ሆኖ ጥቂት ቆየ፤
ከዚያ እሱም አልታየ።

አዲሱን ስኒ አሰርኩ፤ ሽቦውን ወጠርኩ፤ ጠቅታው ቀረ።
ስንት ዝምታ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ሌሊቱ የከበደኝ አልነበረ።
ሲፎካዚ በማለዳ "ጸዳ" አለችኝ። መዝገቡ የተጠረገ ደጅ ይመስላል።
አመሰገነችኝ። ምን ይባላል?

በመስከረም በደጇ አለፍኩ። የተሰነጠቀውን ስኒ ትቼላት ነበር፤
በክር ከመስኮቷ አንጠልጥላዋለች፤ ነፋስ ሲያማታው ከመስተዋቱ ጋር፣
ጠቅ።
ቆይቶ፣
ጠቅ።
እኩል አይደለም፤ ይዘገያል፣ ይቸኩላል፣ አንዳንዴም ይረሳል።
አንቴናዬን አነሣሁ፣ ሥራ ነው፤ መርፌው ከዜሮው ላይ ተኝቷል።
ሞተሩን አጠፋሁ። ቆየሁ፣ በገዛ ጆሮዬ፣ ያለ መሣሪያ።

ከዚያ መዝገቤን ከፍቼ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእርሻውን ስም ጻፍኩ፤
ከሥሩም፦
"ምንም አልተሰማም።"