በሽታ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ እንዳፈጠጠች፣
ቦርግሂልድ ደወለች፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠች።
«ትራክተሩ ቆሟል፤ ድርቆሹ አልገባም፤
ደመና ከሰው ጋር በቀጠሮ አይግባባም።»
የሰሜን ኖርዌይ በጋ፣ ችኩል እንግዳ፣
ኮቱን ሳያወልቅ የሚል «በሉ ልሰናዳ።»

መፍቻ ይዤ ደረስሁ፣ አንድ ባዶ የጃም ጠርሙስ።
ሞተሩን ባስነሣው ሳል እንጂ የለው እስትንፋስ፤
ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ይንገጫገጫል፣ ይሞታል፤
መዶሻ የዋጠ ሰው ሆዱ እንዲህ ይመታል።

ታራልድ ከጎማው ሥር ቆሟል፣ ፊቱ ቀልቷል፤
ጣቱ ጊንታራስን ከሩቅ ይወጋል።
«ከሊቱዌኒያ መጥቶ፣ ሦስት በጋ አብሮኝ ሠርቶ፣
ቤንዚን ከናፍጣ እንዴት አይለይ ከቶ?
እኔ ዝናቡን ከትናንት፣
የላሟን ትኩሳት ከጋጣው በር፣
የደረሰውን ድርቆሽ ከመንገድ ማዶ...
ስድሳ ዓመት እኮ ነው! ክዳኑ ሳይፈታ፣
በር ላይ ሆኜ ነው የማውቀው በሽታ!»

ጊንታራስ ጫማውን ያያል። አንድ ቃል አልወጣውም።
ቋንቋው ጠፍቶት አይደለም።

ማጣሪያውን ፈታሁ፣ ከሰልባትዮው ቀዳሁ፣
ጠርሙሱን ወደዚያች ወደማትጠልቅ ፀሐይ አነሣሁ።
የገበሬ ናፍጣ እዚህ አገር አረንጓዴ ነው፤
ይኼኛው ገርጥቷል፣ ጎርፍ እንዳጠበው ሣር ነው።
ናፍጣ ቅባት አለው፣ ፓምፑን እያሸ ያኖራል፤
ቤንዚን ደረቅ ነው፣ ብረት ከብረት ያጣላል።

«ጀሪካኖቹስ?» አልሁ። መጡ፣ መንታ ጥቁሮች፣
አንዱ ለመጋዙ፣ አንዱ ለትራክተሩ፤
ጽሑፋቸው ለቋል ከዳር እስከ ዳሩ።
የአንዱን ክዳን ከፍቼ አስጠጋሁ ለሽማግሌው፤
ቤንዚን ነበር፣ ንጹሕ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው።
«ምንድን ነው?» አልሁት። አሸተተ።
ደግሞ አሸተተ። ጊዜ ወሰደበት።
«ናፍጣ» አለ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረበት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣል ቢሉም፣
ቤንዚን አወጣብን፣ ብቅል አልጠበቀም።

ቦርግሂልድ መሬት አየች። ጠርጥራ ነበር፦
ጥር ላይ የተበላሸ ወተት ጭልጥ ሲያደርግ፣ ሳይል ወይ፣
ዓሣው ድስት ውስጥ ሲያር፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያይ።
ስድሳ ዓመት ሙሉ ሁሉን በሽታ የለየ፣
የራሱን በሽታ ደብቆ ቆየ።

ያኔ ጊንታራስ፣ እስካሁን ዝም ያለው፣
«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ተሳሳትሁ» አለው።
ውሸቱን ነው። ሁላችንም አወቅን። ማንም አልመለሰ።
ታራልድ አፍንጫውን በመዳፉ ዳበሰ።

ሰልባትዮው እስኪጠራ አጠብን፣ ማጣሪያ ቀየርን፤
ዝናቡ ግን በግማሹ ድርቆሽ ቀደመን።
ሞተሩ ተነሣ፤ አሁንም ትንሽ ያንኳኳል፤
ፓምፑ ያየውን አይረሳም፤ እስከ ክረምት ይናገራል።
ደረሰኙ ላይ «ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቶ» ብዬ ጻፍሁ፤
ጥፋቱን ሰማይ ይሸከመው ብዬ አለፍሁ።

ስወጣ ጊንታራስን አየሁት ከጓሮ፣
የቤንዚኑን እጀታ በድርቆሽ ገመድ ቋጥሮ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቋጠሮ።
ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰው፣
በጣቱ ይለየው እንደሁ፣ አፍንጫ የከዳው ሰው።