ድምሩ

ደብረ ማርቆስ ገባሁ ከዝናቡ ጋራ፣
በጉያዬ ይዤ የግምገማ ሥራ፤
ፎርሙ አጭር ነው፣ ጥያቄው አስራ ዘጠኝ፣
መልሱን ከነቁጥሩ ለሰኞ አምጣ ያሉኝ፦
መንግሥት ኮሌጅ ልኮ ያስተማራቸው ሯጮች
ስንት ሜዳሊያ አመጡ? ስንት ወጣ ምሩቆች?

ሬጅስትራሩ አንሙት መነጽሩን ጠርጎ፣
ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ማህደር ፈልጎ፣
«ይቺን እያት» አለኝ፣ «የሻረግ አንዳርጌ፤
ሁለት ውጤት አላት፣ ላስታርቅ ፈልጌ
ዓመት ደከምኩበት።
ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ ፈተና ስንሰጣት፣
ሐዋሳ ነበረች፣ ሰው ቆሞ ሲያያት፣
እዚያ ስድስት ሯጭ አልፋ፣ እዚህ እኛ ጣልናት።
የፈቃድ ደብዳቤው በነሐሴ ደረሰ፣
መምህሩ ግን በሐምሌ ውጤት ጨረሰ።
የሮጠችው ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ አንድ ነው፣
የእኛ ክሬዲት ሰዓት ይህን ሰዓት አያውቀው።»

አሠልጣኝ ስማቸው፣ ሜዳው ዳር ተቀምጦ፣
«እግር ነው የገዛችሁ ወይስ ሰው?» አለኝ ቆርጦ።
«ሁለቱንም» አልኩት።
ሣቀና ዞር አለ፣ ፊሽካውን ነፋበት።

ሌሊት በሆቴሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ምግብ፣ ትጥቅ፣ አልጋዋን ደመርኩ በእርሳስ፤ ብዙ ወጣ፣
በአራት ዓመት ሳበዛው ደግሞ የባሰ ወጣ።
ከሥሩ በብዕር፦ «አትራፊ አይደለም»፣
እጄ አላንገራገረም፣ ቀለሙም አልነጠፈም።

ፍኖተ ሰላም ናት፣ ብድርና ቁጠባ፣
ሦስተኛው መስኮት ላይ፣ ወረፋ ይዤ ስገባ፣
ብር ትቆጥራለች፤ አውራ ጣቷ ሲዘል
ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ ዙር የሚቆጥር ይመስል።
ግራ እግሯ ዱካ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣
የውኃው መሰናክል ማጠፉን አስረስቶታል።

ጥያቄ አስራ አንድን አነበብኩላት፦
«መንግሥት ላወጣብሽ ምን መለስሽለት?»
አልመለሰችልኝም፤ ፎርሙን ተቀበለች፣
ከላይ እስከ ታች ድረስ በጣቷ ወረደች፣
«ድምሩ ተሳስቷል» አለች።

«ሦስተኛው ዓመት ላይ ጅማቴ ሲበጠስ
አበሌ ቆሟል፤ ከስሜ ላይ ይቀነስ።
የቀረውን ሁለት ዓመት የከፈለው ሌላ ነው፣
የወንድሜ ባጃጅ፣ አንድ መብራት ያለው።»
«ከሰባቱ ምሩቅ ነሽ?» «ስምንተኛዋ ነኝ፤
በማታው ክፍል ጨርሼ ማን አስታውሶ ቆጠረኝ?»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ወረፋ!» አለ ጮኾ፤
እሷ ከመሳቢያዋ ላጲስ ሰጠችኝ እኮ።
ቁጥሩ በእርሳስ ነበር፣ ጠፋልኝ በደህና፤
ከሥሩ ያለው ቃል በብዕር ነውና
አሁንም አለ።

ነገ ሰኞ ነው።