ብርድ ቆጣሪዎች

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው ትርጉሙ፣
ጎርፍና ጭቃ ነው፣ ለምለም ነው ቀለሙ።
በእነ ኖትቡርጋ ቀዬ፣ በቬኖስታ ሸለቆ፣
ክረምት ነጭ ነው፤ ሌሊት ይወርዳል የአልፕስን ጫፍ ለቆ፣
ኮቴ ሳያሰማ።
ጠዋት አጥር የለም፣ መንገድ የለም፣
የጎረቤት ጣራ በጭሱ ብቻ ይታወቃል፤
የፖም ዛፎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ወዴትስ ይኬዳል?
ወፍ ክንፍ አላት፣ ሄደች፤ ድብ ጉድጓድ አለው፣ ገባ፤
ዛፍ ግን እግሩን ያሰረው ገመድ፣
ያው ራሱ ነው የእህል ውኃው መንገድ።

"ሞተዋል እንዴ?" ብላ ጠየቀች ዛምፊራ፣
ከሩማንያ የመጣች፣ ለቅርንጫፍ ግረዛ ሥራ።
ኖትቡርጋ ሳቀች፣ ሰባ አንድ ክረምት ያየችው፤
"የሞተማ ስንቅ አይቋጥርም" ነበር መልሷ።

ዛፉ ሥራውን የጨረሰው በጥቅምት ነው።
ከየቅጠሉ ጥሪቱን ለቅሞ፣
ወደ ግንዱ፣ ወደ ሥሩ ተሸክሞ፣
ባዶውን ቅጠል ለነፋስ ሰጠ።
"እንዴት ያምራል ቢጫው!" እያሉ ፎቶ ያነሱት እንግዶች
ያነሱት የተለቀቀ ቤት ነበር።

ቀጥሎ ውኃን አስወጣ።
ይሄ ነው እኔን የሚደንቀኝ፦
ዕድሜ ልኩን ውኃ የለመነ፣
ውኃን ከየጓዳው "ውጣልኝ" ማለቱ፤
እዚያው ቢረጋበት እንደ ጠርሙስ ሊፈነዳ ነው ቤቱ።
የቀረችውን ጠብታ በስኳር ያወፍራታል፤
የማር እንስራ ውርጭ አይሰብረውም እንደማለት።

አንዳንዴ ግን ስሌቱ ይስታል።
በየካቲት ሌሊት ግንድ ይሰነጠቃል፣ እንደ ጥይት ጮኾ፤
ውሾች ይነሳሉ።
ያ ስንጥቅ አይጠፋም፤ ዛፍ ቁስሉን አያድንም፣
ዙሪያውን ያጥረዋል፤ ከነቁስሉ ይወፍራል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም።
ኖትቡርጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ትለካዋለች፤
ባሏ ኮርቢኒያን የሞተበት ዓመት ነው፤ ሌላ ነገር አትልም።

እምቡጡ ደግሞ፣ ከሽምብራ ያነሰ፣
ባለፈው ሐምሌ የተፀነሰ፣
ቅርፊት ደርቦ የለበሰ፣
ተኝቷል። ተኝቷል አልኩ እንጂ እየቆጠረ ነው፤
አንድ ሰዓት ብርድ፣ መቶ ሰዓት ብርድ፣ ሺህ ሰዓት ብርድ፤
ቁጥሩ ሳይሞላ አይነሳም።
በጥር አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ ዘመድ መስላ ብትስቅ፣
በር አይከፍትላትም፤ ያውቃታል፣ አፏ ነው እንጂ ሆዷ አይሞቅ።

ኖትቡርጋም ትቆጥራለች፤ በወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ በጠመኔ፣
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።
አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይበርድ አለፈ፣ ሰረዙ አነሰ፤
ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ ካፖርቱን ሰቀለ፤
ዛፎቹ ግን በሚያዝያ፣ እዚህም እዚያም እየተንጠባጠቡ፣
እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ተደናብረው አበቡ።

ዘንድሮ ቁጥሩ ሞልቷል።
ሸለቆው ሮዝ ሆነ፣ ንብ ሰከረች፤
በዚያው ሌሊት ሰማዩ ጠራ፤
ሰማይ ሲጠራ ኮከብ ያምራል፣ ገበሬው ግን ፈራ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዜሮ በታች አራት።
ኖትቡርጋ ቧንቧውን ከፈተች፤
ውኃ በአበባው ላይ ዘነበ፣ ወዲያው ረጋ፣
እያንዳንዱ አበባ በብርጭቆ ተዘጋ።
"ገደልሻቸው!" አለች ዛምፊራ፣ ባትሪዋ በእጇ እየተንቀጠቀጠ።
"ውኃ በረዶ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይጥላል፤
ትንሽ ናት፤ ለአበባ ግን ትበቃለች።
አሁን ዝም በይና ፀሐይን ጠብቂ።"

ጠበቁ። በረዶው እየተሰነጠቀ፣ እየተንኳኳ ረገፈ፤
ከውስጡ እርጥብ፣ ቀላ ያለ፣ ያልተነካ አበባ ወጣ።
ሁሉም አይደለም።
ከታች በኩል አንድ ረድፍ፣ ውኃ ያልደረሰው፣
ሻይ እንደፈሰሰበት ጨርቅ ጠቁሯል።
ኖትቡርጋ አልተናገረችም። ተንበርክካ ቧንቧውን ፈታች፣
አፉን የዘጋውን ነገር በጥፍሯ ጎትታ አወጣች፤
የአምና ቅጠል ነበር፣
ያ ቢጫው።