ላይደር

አኽን ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማቀዝቀዣው በላይ
የካርቶን ባርኔጣ አለ፤
ባልደረቦቼ የሠሩልኝ፣ የተመረቅሁ ለት፣
አናቱ ላይ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ጫፍ
የመስታወት ጠብታ የተንጠለጠለ።
ሳቁ፤ አጨበጨቡ፤ ጭንቅላቴ ላይ ደፉት።
በሳምንቱ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ መለስሁ፤
ስሜንም ከበሩ ላይ በጥፍራቸው ላጡት።

አራት ዓመት ተኩል አንድ ቀመር ፈታሁ፤
ቀመሩ ሲፈታ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ።

አሥራ ስምንት ወር ነው የመኖሪያ ወረቀቴ፤
ሰባቱ አልቋል።
ዘጠና አንድ ማመልከቻ፤ ሰባ አራት መልስ፤
የቀሩት ዝም። ዝም ያለ ይሻላል።
መልስ የሰጠ ሁሉ አንዲት ቃል አትጠፋውም፦
«ላይደር»።
በጀርመንኛ «እናዝናለን» እንደ ማለት ነው፤
በእኔ ጆሮ ግን አንድ ፊደል ጎድሎታል፣
ላይደር . . . ስ።
ላይደርስ የተጻፈ፣ ላይደርስ የተላከ፣
«የተከበሩ ዶክተር» ብሎ በሩን ከፍቶ
ሦስተኛው መስመር ላይ መልሶ የሚቀረቅር።

አጎቴ ጥጋቡ ከመቂ ይደውላል።
«ዶክተር መድኃኒት!» ይላል፣ ጎረቤት እንዲሰማ፤
«ኩላሊቴን ወጋኝ፣ ምን ልዋጥበት?»
የውሃ ዶክተር ነኝ አጎቴ፣ የቧንቧ፣ የማጣሪያ።
«ታዲያ ኩላሊትስ ማጣሪያ አይደል እንዴ?»
መልስ አጣሁ።
ስሜ መድኃኒት፣ ማዕረጌ ዶክተር፤
ለአንድ ሰው ሕመም የሚሆን ክኒን የለኝም።
«ደሞዙስ?» ሲል መስመሩ ተቆራረጠ።
የቆራረጥሁት እኔ ነኝ።

ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል።
ሄር ክሬመርስ መብራቱን አስተካክሎ
«ፈገግ በይ» አለኝ፤ ከንፈሬን ገጠምሁ።
እንዴት ብዬ ልንገረው?
የመቂን ጉድጓድ ጠጥቶ ያደገ ልጅ
ጥርሱ የገብስ ቆሎ ነው፣
ቡናማ፣ ጫፉ የተሸረፈ።
ሦስት መቶ አሥር ገጽ የጻፍሁት ስለዚሁ ነው፦
ፍሎራይድ፣ በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም፤
በሦስት መቶ አሥሩ ገጽ ውስጥ
«ጥርሴ» የሚል ቃል የለም።

ዱረን፣ የፓምፕ ፋብሪካ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
ሁለት ናቸው፤ ሴትዮዋ ትጽፋለች፣
ሰውየው ወንበሩን ያወዛውዛል።
«ብዙ ተምረሻል» አለ፣ ሕመሜን እንደሚያውቅ ሐኪም፤
«ግን ልምድ የለሽም። የኢንዱስትሪ ልምድ።»
ለጋኑ ጠብቤ፣ ለማሰሮው ሰፍቼ፣
የማን ክዳን ልሁን?
ይኼኔ ሳቅ አመለጠኝ።
ሙሉ ሳቅ፣ ድድ እስኪታይ።
ብዕሯ ቆመ፤ ጥርሴን አየች።
አፌን ልከድን እጄን አነሣሁና
መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርሁ፤ በጣቴ ነካሁት።
«ይህ ሃያ ዓመት የፈጀ ሙከራ ነው» አልሁ፤
«ያልተጣራ ውሃ ምን እንደሚሠራ እዚህ ተጽፏል።
ልምድ ካላችሁ ይኸው፤
ፊደል ሳልቆጥር የጀመርሁት።»

ወንበሩ መወዛወዙን ተወ።
ከዚያ ስለ ግፊት ጠየቁኝ፣ ስለ ጨው፣
ማጣሪያው ሲደፈን ማን እንደሚቀይረው፣ በስንት ዋጋ፤
አንዱን መለስሁ፣ አንዱን ሳትሁ፣
አንዱን «አላውቅም» አልሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ።
«እንጽፍልሻለን» አሉኝ።
ሁሉም ይጽፋል።

ሲመሽ አኽን ወርጄ በፍል ውሃው በኩል አለፍሁ።
እንፋሎቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤
አገር ጎብኚ አፍንጫውን ይዞ ፎቶ ይነሣል፤
«አይጠጣም» ይላል ሰሌዳው።
እጄን ሰደድሁ። ሞቀኝ።
በምን ያህል ግፊት፣ በስንት እጥፍ ወንፊት
ይህ ውሃ ለሰው እንደሚሆን
ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ
ቆሜ አሰላሁ፤
ልምድ ሆኖብኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።
እጄ እርጥብ ነው።
ትንሽ ይቆይ።