ሽንቁሯ

ፖንታ ሴካ ይሏታል፤ ከአዞረስ ደሴቶች ጭራ፣
መርከብ የማይቆምባት፣ ጭጋግ የምትጠራ።
ከገደሉ አናት፣ ከጥቁር ድንጋይ በላይ
ነጭ ጎጆ አለች፤ ከሩቅ ጥርስ መሳይ።
በባሕሩ በኩል፣ እንደ ጠበበ ዐይን፣
ስንዝር ሽንቁር አላት፤ ከሥሯ የእኛ ወይን።
አጎቴ ኤርሜሊንዶ ሠላሳ አንድ ዓመት
በዚያች ሽንቁር ኖረ፣ ከባሕር ጋር ፊት ለፊት።

ትንፋሽ ነው የሚፈልገው፤ ወደ ግራ ያዘመመ፣ አጭር፣
የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ፣ በአረፋ መሐል ምሥጢር።
ካየ፣ ርችት ይተኩሳል።

            ያኔ መንደሩ ሁሉ ሩጫ ነበረ፤
መኮትኮቻው ወድቆ በበቆሎው መሐል ቀረ፣
ጸጉር ቆራጩ ወጣ፣ ያንዱን ግማሽ ጺም ላጭቶ፣
አባ ሌዎናርዶ ሮጠ፣ ቅዳሴውን ትቶ
(እሱም ነበር ይባላል፣ ከተክህኖው ልብስ ሥር
ሱሪውን ጠቅልሎ የሚጠብቅ ለባሕር)።
ሴቶች የበቆሎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው
ወደ ጀልባው ይወረውራሉ፤
ውሃ ላይ ከወደቀ፣ ያ ቤት ክፉ ቀን አለው።

ሰባት ሰው፣ አንድ ጦር፣ አንድ የገመድ ጥቅል።
ጀግንነት ነው ይላል ዛሬ፣ ለጎብኚ የሚተርክ ሁሉ፤ ይበል።
እናቴ ግን “ዕዳ ነው” ትል ነበር፣ “የሱቅ ዕዳ።”
ከዚህ ሌላ አልተናገረችም፤ ወይ ለጎረቤት፣ ወይ ለእንግዳ።

ወደቡ ቀልቶ ሲያድር፣ ጮማው በጋን ሲፈላ፣
ሽታው ከጸጉር አይለቅ፣ ከአንሶላ፣ ከሚበላ።
ፋብሪካው ሊከፍለን ሲመጣ በጣሳ ነው የሚሰፍር፤
ዘይቱ ባሕር ተሻግሮ የሰው ሞተር ሲያሽከረክር
እኛ በጨለማ፣ ኩራዝ አጥተን ልናድር።

አባቴ ቤላርሚኖ፣ በነሐሴ፣ ጠዋት፣
ገመዱ ሲተረተር ቁርጭምጭሚቱን ያዘ፤
ጀልባው ላይ የቀረው ጫማው ነው፣ ውሃ ያረገዘ።
ርችቱን የተኮሰው አጎቴ ነበር።

ዛሬ ፋብሪካው ሙዚየም ነው፤ ጋኑ ታጥቦ ትኬት አለው፤
እኔ የላስቲክ ጀልባ እነዳለሁ፣ ቱሪስት የሞላው።
አጎቴ በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ በዚያችው ሽንቁር፣
በሬዲዮ ይመራኛል፤ ያው ድምፅ፣ ያው ቁጥር፦
“ሁለት ማይል ወደ ደቡብ። ሦስት ናቸው። ቀስ በይ።”
ጦር በተነሣበት ስልክ ይነሣል፤ “ወይ!” ይላል ሰው፣ “ወይ!”

ባለፈው ማክሰኞ ግን ባሕሩ ባዶ ነበር።
ሞተር አጥፍተን ስንጠብቅ፣ ሬዲዮው ውስጥ ሳል ሰማሁ፤
የሱን ሳል አውቀዋለሁ፣ ነገር እንዳለው አየሁ።
“ኢዳሊና፣” አለኝ፣ “ባዶ ሣጥን በቀበርን ማግስት
እናት መጣች ከነግልገሏ፤ ከወደቡ አንድ ጩኸት ርቀት።
ውሃው ዘይት መስሏል። ክብሪቱን ጫርኩት፤
ጣቴን እስኪበላው አየሁት፣ አየሁት፤
ከዚያ
እፍ አልኩት።”

ያን ክረምት እኔ ነኝ የማውቀው።
ባለሱቁ ኦዞርዮ ደብተሩን የዘጋው፣
እናቴ ቀለበቷን በዱቄት የለወጠችው፣
ታናሼ ቲቡርስዮ መጋቢትን ያላየው።
አንድ ዓሣ ይበቃን ነበር። ግማሹ ይበቃን ነበር።
ለግልገሉ ራርቶ፣ እስከ እናቲቱ ወርዶ
ምሕረት ሰጠ አጎቴ፤ ከማን ጓዳ ወስዶ?

ነባሪ ይሉታል ስሙን። ነባሪው ማን ይሆን?
ልጆቿን እንቁጠር እንዴ፣ ወይስ መቃብራችንን?

የሬዲዮውን አዝራር ይዤ ብዙ ቆየሁ።
ባለ ብርቱካን ሰደርያዎቹ ዝም አሉ፤ ፊቴን አይተው ይሆናል።
አንዲት ሕፃን ብቻ ጠየቀች፦ “ዛሬስ ይመጣል?”
ከዚያ አዝራሩን ተጫንኩት፦
“ነፋሱ ዞሯል፣ አጎቴ፤
ሽንቁሯን ዝጋት። ይበርድሃል።”