ሰረዝ እና ዜሮ

አባቴ ይማም አራጌ ዝናብ ለኪ ነበር፣
በወገል ጤና ከተማ፣ ከክሊኒኩ አጥር ስር፣
በሽቦ በታጠረች፣ አልጋ በምታክል ምድር።
ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል መለኪያውን ከፍቶ፣
ያደረውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ፣
ዓይኑን ከውሃው ጠርዝ አስተካክሎ አይቶ፣
ይጽፋል።
ካልዘነበም ይጽፋል፦ «ዜሮ ነጥብ ዜሮ»፣
እንደ ትልቅ ቁም ነገር ስሩን በማስመሪያ አስምሮ።

«ምነው ይማም!» ይሉታል ጎረቤቶቹ ስቀው፣
«ባዶ ጣሳ ለማየት በየማለዳው መሄድህ ምንድነው?»
«ዜሮ» ይላል እሱ፣ «ሰው ሄዶ አይቷል ማለት ነው፤
እኔን የሚያስፈራኝ ሰረዙ፣ ማንም አለማየቱን የሚናገረው።»

አስራ አራት ደብተር ነው፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት፤
በልግ በነዚያ ገጾች የሩቅ ዘመድ ነው፣ ቀጠሮ የማያውቅበት፤
አንዳንዴ የካቲት ላይ፣ ሞፈር ሳይጠረብ መጥቶ፣
አንዳንዴ ዘር አስበትኖ፣ ቡቃያ አሳይቶ፣ ጠፍቶ፣
አንዳንዴ ሚያዝያ ሲያልቅ፣ ገብሱ ካረረ በኋላ፣
ለይቅርታ እንደመጣ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ አንብቶ።

የዚያ የበረዶው ዓመት ድምሩ ከሁሉ ይበልጣል፤
ወረቀት ላይ ያየው ሰው «ጥጋብ ነበር» ይላል።
ሲሶው ግን በአንድ ሌሊት የወረደ ነው፣
ምስሩን ከነአፈሩ እስከ በሽሎ የሸኘው።

ባለፈው ጥር ከደሴ አንድ ባለሙያ መጣ፤
ደብተሮቹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሲወጣ፣
«አማካዩ» አለኝ፣ «ብዙም አልተለወጠ፤
መዋዠቁ ነው ከዓመት ዓመት እየበለጠ።»
እውነቱን ነው። ግን በዚህ ቀዬ፣ እኔ እስከማውቀው፣
አማካይ የሚባል ዝናብ ዘንቦ አያውቅም፤
በአማካይ ያጨደ ማነው?

ከበሩ ተመለሰ፣ ጣቱን ስልኩ ላይ ጥሎ፦
«ይቺ ሰረዝ ምንድናት? አባትሽ ታሞ ነበር?» ብሎ።

አልታመመም።
የክፉው ቀን ግንቦት ነው፣ ሃምሳ አንድ ዜሮ ተሰልፎ፤
በሃምሳ ሁለተኛው ሌሊት ጥቂት ጠብ አለ፣ ጣራውን ገረፍ አርጎ አልፎ።
ማለዳ፣ እሱ ሳይነሣ፣ በሽቦው ስር ሾልኬ ገባሁ፤
የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።
መለኪያውን ከፈትኩ። ጠጣሁ።
ዝገት ዝገት ይል ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆውን አየ፣
ከንፈሬን አየ፣
ምንም ሳይናገር ቆየ።
ዜሮ ቢጽፍ ውሸት ነው፣ ቁጥር እንዳይጽፍ አልለካ፤
እስክሪብቶው እጁ ላይ ደረቀ። ሰረዝ ይከብዳል ለካ።

«አዎ፣ ታሞ ነበር» አልኩት ለባለሙያው።
መዘገበው።

ዛሬ መጋቢት አስራ ዘጠኝ ነው፤ ብርጭቆውን የያዝኩት እኔ ነኝ።
ዳምጤ በሬዎቹን ጠምዶ፣ የዘር ጆንያ በትከሻው፣
«ስንት ጣለ?» ይለኛል ከአጥሩ ማዶ።
«ስድስት ነጥብ ሦስት።»
«ይበቃል?»

ይህን ደብተሩ አያውቅም።
ሰማዩን አየ፣ ጆንያውን አየ፤
ግማሹን ዘራ፣
ግማሹን ወደ ቤት መለሰ።