ትርፍ ሰዓት

ዴንቨር በረዶ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
ከቅርጫት ኳሱ ሜዳ ሥር፣ ከምድር ቤት፣
እኔና ሩፊኖ፣ በመስታወት ሳጥን፣
ስንት መኪና ገባ፣ ስንት ወጣ ስንመጥን፣
በላያችን ጣራው በጩኸት ይርዳል፤
ኳሱ በነጠረ ቁጥር ልቤ ይነጉዳል።

ሩፊኖ ስልት አለው፣
ሃያ ዓመት ሙሉ በደብተር ያሰፈረው።
«ስማኝ» ይላል፣ ጓንቱን በጥርሱ እያወለቀ፣
«ቁማርተኛ ማለት መጠበቅ ያወቀ።
መጀመሪያው ሩብ ላይ እጅህን አትዘርጋ፣
የትኩስ እግር ወሬ አያወጣም ዋጋ።
ይህ አገር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤
እንግዳ ሲሮጥበት ትንፋሹ ብድር ነው።
ትናንት ሌላ ከተማ ተጫውቶ ያደረ
አራተኛው ሩብ ላይ እግሩ ተቀበረ።
እግሩ የዛለ ሰው መከላከል ያበቃል፣
ነጥብ ከሁለት በኩል እንደ ምንጭ ይፈልቃል።
በተለይ» — ጣቱን አንሥቶ — «በተለይ እኩል ከወጡልህ፣
አምስት ደቂቃ ሙሉ ነጥብ ነው በነጻ የሚሰጡህ።
ጨዋታው ሲረዝም ድምሩም ይረዝማል፤
ረጅሙን ያመነ...» — እዚህ ላይ ይስላል።

እኔም ረጅሙን አመንኩ።
ለየካቲት ኪራይ ካስቀመጥኩት ላይ ስድሳ ዶላር ቆነጠርኩ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ተኩል፣ «ከዚያ በላይ» ብዬ ቲኬት ቆረጥኩ።

ልጄ ሶልያና፣ የክፍልፋይ ሒሳብ ስትሠራ አጠገቤ፣
ስልኬን አየችና «አባቤ፣
ግማሽ ነጥብ ደግሞ ማን ነው የሚያገባው?»
መልስ አልነበረኝም። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ ወደ ቀዝቃዛው።

አራተኛው ሩብ አለቀ። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ስምንት።
ሩፊኖ ተነሥቶ ሳጥኗን በቡጢ መታት።
ትርፍ ሰዓት!
መቶ ሰባት፣ መቶ ሰባት።
ደግሞ ሌላ ትርፍ ሰዓት!
ከስሙ ትርፍ አለበት፤ ማን ይጠረጥራል
ትርፍ ብለው የጠሩት ኪሳራ ይወልዳል?

መቶ ዐሥራ ሰባት፣ መቶ ዐሥራ አራት። ስምንት ሰከንድ ቀረ።
ኳሷ በመሪዎቹ እጅ፣ ፊት ለፊት ማንም አልነበረ፣
መንገዱ እንደ ሠርግ መንገድ ተጠርጓል።
አንዲት ቅርጫት! አንዲት ብቻ! ሩፊኖ በስፓኒሽ ይጸልያል።
ልጁ ግን ቆመ።
ኳሷን እንደ ተኛች ሕፃን በደረቱ አቀፋት፣
የተሸነፈን ሰው ዳግም ላለመውጋት፣
ለባላጋራውም እጁን ዘረጋለት።
ከዚያን ያህል ጨዋታ፣ ከዚያን ያህል ሌሊት፣
ምነው ጨዋ ገጠመኝ በዚያች ቅጽበት!

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።
ማንም ያላገባት ግማሽ ነጥብ፣ እንደ ግንድ
ወደቀችብኝ።

ሩፊኖ ደብተሩን ገልጦ አዲስ መስመር ጻፈ፦
«ጨዋ ልጅ ካለበት...» ብሎ ጀመረና፣ ሰርዞት አለፈ።

ከዚያ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ሕዝቡ እንደ እህል ፈሰሰ፤
አንዱ ቁልፉን ጥሎ፣ አንዱ ሚስቱን ጠፍታበት፣ አንዱ በደስታ እያለቀሰ።
ፈረቃዬ ማለቂያው አምስት ሰዓት ነበር፤
በሰባት ሰዓት ገና መውጫውን ከበረዶ ስንቆፍር!

ለትርፍ ሰዓት ሥራ ሕጉ አንድ ተኩል ይከፍላል።
ያቺ የዋጠችኝ ግማሽ፣ በዚህ በኩል ብቅ ትላለች፤ ማን ያምናል?
ዐሥራ ስምንቱ ዶላር ሃያ ሰባት ሆነ፣
በሁለት ሰዓት ሃምሳ አራት፤ ከስድሳው ስድስት ብቻ ባከነ።
(ሒሳቡ እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ባልወራረድም ሥራው ሥራ ነው፤
ሶልያና ብታየው ቀይ መስመር ነው የምታሰምርበት።)

«አንድ ቀን» ይላል ሩፊኖ፣ አካፋውን ተደግፎ፣ «ቤቱን እመታዋለሁ!»
እኔ እንኳን ቤት የምመታበትን አውቃለሁ፤
እዚሁ ነው፣ በኪራይ ደረሰኝ ጀርባ፣
ግጥሚያው ጥሎኝ ሲሄድ ግጥሙ ሊገባ።

መኪናዬን አስነሣሁ። ከኋላዬ ይጮሃል፦
«ቅዳሜ የሚመጣው ቡድን ዓርብም ሌላ ቦታ ይጫወታል!
ሰማኸኝ? ዓርብም!»
ያልሰማ መሰልኩ። መስኮቱን ወደ ላይ ሳብኩት።
እስከ ግማሽ።